የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ስለ መኪና መድንና ስለ ጎጃም መንገድ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት መኪና ያላቸው ወይም መኪና የሚያሽከረክሩ አንባብያን የጻፏቸው ናቸው። ከደብረ ማርቆስ፣ ከሞጣ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ፣ ከብቸና፣ ከዳንግላና ከባሕር ዳር የመጡት እነዚህ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ሥር አላቸው፤ ውሉ ሲፈረም ያልተነገረ ወይም አደጋው በደረሰ ሰሞን በጽሑፍ ያልሰፈረ ነገር በኋላ ካሳውን ሲያሳንሰው፣ አንዳንዴም ጨርሶ ሲያስቀረው ይታያል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን፣ የጸሐፊዎቹንም ስም ትተን መልሰናል።

«የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ያጠራቀምኩት ላይ ተበድሬ ጨምሬ አንዲት ያገለገለች ቪትዝ ገዛሁ። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ገብቼ ቦሎም አሳድሻለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ‹ይህ ይበቃሃል፤ ሙሉ ኢንሹራንስ ገንዘብ ማባከን ነው› ይሉኛል። እውነት ነው?» (ከደብረ ማርቆስ)

ባልደረቦችዎ የነገሩዎት ግማሹን ነው። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ባለተሽከርካሪ የሚገባው ግዴታ በመሆኑ ያለ እርሱ መንገድ ላይ መውጣት አይቻልም፤ በዚህ በኩል የሚጠበቅብዎትን ፈጽመዋል። ነገር ግን ይህ መድን የተገባው መኪናዎ ለሚጎዳው ሌላ ሰው እንጂ ለእርስዎ አይደለም። መኪናዋ ከግንብ ጋር ብትጋጭ፣ ብትገለበጥ ወይም ሌሊት ከደጅ ብትሰረቅ ከዚህ መድን አንድ ብር አያገኙም። መሪ ይዘው ሳለ እርስዎ ራስዎ ቢጎዱም እንደዚሁ ነው።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላ ነገር የካሳው ጣሪያ ነው። አዋጁ ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት ወይም የአካል ጉዳት የተቀመጠው ከፍተኛ መጠን 40 ሺህ ብር፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ 100 ሺህ ብር ነበር። መጠኑ የሚሻሻል በመሆኑ በየዓመቱ ውሉን ሲያድሱ በዚያ ዓመት የሚሠራበትን ጣሪያ ጠይቀው በማስታወሻዎ ይያዙት። ጣሪያው ስንትም ቢሆን ግን የመድን ሰጪው ኃላፊነት የሚያበቃበት ነው እንጂ የእርስዎ ኃላፊነት የሚያበቃበት አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ምንም ጥፋት ባይሠራ እንኳ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ፍርድ ቤት ከጣሪያው በላይ ካሳ ቢወስን ልዩነቱ የሚወጣው ከደመወዝዎና ካለዎት ንብረት ነው።

ስለዚህ መኪናዋ ከጥቅም ውጭ ብትሆን በሌላ ለመተካት አቅም ከሌለዎት፣ በተለይም የተበደሩት ገንዘብ ገና ተከፍሎ ካላለቀ፣ የራስዎን መኪና ጉዳትም የሚሸፍነውን ሙሉ መድን ቢገቡ ይሻላል ባይ ነኝ። አረቦኑ፣ ማለትም ለመድን ሰጪው የሚከፍሉት ገንዘብ፣ ከከበደዎት የሦስተኛ ወገንን ከእሳትና ከስርቆት ጋር አጣምሮ የሚሸፍን ዝቅ ያለ ውል አለ፤ ተጨማሪ አረቦን ከፍሎ የሦስተኛ ወገኑን ጣሪያ ከፍ ማድረግም ይቻላል። ከመፈረምዎ በፊት በእያንዳንዱ አደጋ ከኪስዎ የሚሸፍኑት ተቀናሽ ስንት እንደሆነ ይጠይቁ። አረቦኑ ርካሽ የሆነው ተቀናሹ ስለከበደ ሊሆን ይችላልና።

«ሚኒባስ እያሽከረከርኩ ከሞጣ ወደ ባሕር ዳር ስሄድ፣ አዴት ሳልደርስ፣ የገበያ ቀን ነበርና ድንገት አስፋልቱ ላይ የገባ የእርሻ በሬ ገጨሁ። ሰው አልተጎዳም። የአካባቢው ሽማግሌዎች ወዲያው ተሰብስበው ለባለበሬው 90 ሺህ ብር እንድከፍል ወሰኑ። ‹ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እከፍላለሁ› የሚል ወረቀት ፈርሜ ግማሹን እዚያው በሞባይል አስተላለፍኩ። የመኪናው ፊትና ራዲያተሩ ተጎድቷል። በአሥረኛው ቀን መድን ድርጅቱ ዘንድ ስቀርብ ‹አንከፍልም› አሉኝ። ታርቆ መምጣት እንዴት ጥፋት ይሆናል?» (ከሞጣ)

መታረቅዎ ጥፋት አይደለም። ሽማግሌ ባለበት አገር የሰው በሬ ገድሎ ዝም ብሎ መሄድ ነውር ነው፤ እርሻ ሊጀመር ሲል ከጥማዱ አንዱን ያጣ ገበሬ ያን ዓመት ምን እንደሚገጥመው እርስዎም እኔም እናውቃለን። ችግሩ የተፈጠረው ከእርቁ ሳይሆን ከተፈረመው ወረቀትና ከዘገየው ማስታወቂያ ነው።

በአብዛኞቹ የተሽከርካሪ መድን ውሎች ላይ መድን ገቢው ያለ መድን ሰጪው የጽሑፍ ፈቃድ ጥፋተኛነቱን እንዳያምን፣ ካሳ ለመክፈል ቃል እንዳይገባና እንዳይከፍል የሚከለክል አንቀጽ ይገኛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ገንዘቡን የሚከፍለው መድን ሰጪው እስከሆነ ድረስ የጥፋቱ ድርሻ የማን እንደነበረና የበሬው ዋጋ ስንት እንደነበረ አጣርቶ የመከራከር መብቱ እንዲጠበቅለት ይፈልጋል። ይህ ክርክር ደግሞ ባዶ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 2071 ጀምሮ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፣ አምልጦት እንኳ ቢሆን፣ ኃላፊ እንደሚሆን ይናገራል። እረኛ ሳይኖረው አስፋልት ላይ የገባ በሬ ለሚኒባስዎ መጎዳት የራሱ ድርሻ ሊኖረው ይችል ነበር፤ እርስዎ ግን «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለው በመፈረምዎ ያን በር ዘጉት።

ሁለተኛው ነገር ጊዜው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የመድን ክፍል ዛሬም የሚሠራ ሲሆን፣ አንቀጽ 670 መድን ገቢው አደጋ መድረሱን እንዳወቀ፣ ቢበዛ በአምስት ቀን ውስጥ፣ ለመድን ሰጪው እንዲያሳውቅ ያዛል። አሥረኛው ቀን ዘግይቷል ማለት ነው። ቢሆንም ተስፋ ቆርጠው አይቀመጡ። ዛሬውኑ አደጋው የደረሰበትን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ፣ ለምን እንደዘገዩም ጭምር በጽሑፍ ገልጸው ያስገቡ፤ ቅጂው ላይም የተቀበሉበትን ማኅተም ያስመቱ። እንቢታቸውን ደግሞ በቃል አይቀበሉ፤ በየትኛው የውሉ አንቀጽ መሠረት እንዳልከፈሉ ጠቅሰው በደብዳቤ እንዲሰጡዎት ይጠይቁ። ሽማግሌዎቹ ፊት የፈረሙት ወረቀት የሚመለከተው ለባለበሬው የተከፈለውን ካሳ ስለሆነ የራስዎን ሚኒባስ ጥገና እንዲያዩልዎት ለይተው ያመልክቱ። በድርጅቱ ኃላፊዎች መልስ ካልረኩ መድን ሰጪዎችን ለሚቆጣጠረው ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ አቤት ማለት ይችላሉ። ወደ ፍርድ ቤት የሚሄዱ ከሆነ ከመድን ውል የሚነሳ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይርጋ እንደሚታገድ፣ ማለትም ከዚያ በኋላ ሊቀርብ እንደማይችል፣ አይርሱ።

ለሌሎች አንባብያን ስል እንዲህ ያለው ነገር ሲገጥም እንዴት ቢደረግ መልካም እንደሆነ ልጨምር። መኪናውን ከቦታው ሳያነሱ የፍሬኑን ምልክት፣ የእንስሳውን አወዳደቅ፣ ታርጋውንና የመንገዱን ሁለት ወገን በስልክ ፎቶ ያንሱ። ለትራፊክ ፖሊስ ይደውሉ። ሽማግሌዎች ሲሰበሰቡ በአክብሮት ይቀመጡ፤ ነገር ግን እንዲጽፉ የምትጠይቋቸው ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ሳይሆን ያዩትን ነገር ይሁን፤ በሬው ከየት ወገን እንደመጣ፣ ጠባቂ እንደነበረውና እንዳልነበረው፣ ዕድሜው ስንት እንደሆነ፣ በዚያ ሰሞን በአካባቢው ገበያ እንዲህ ያለ በሬ ስንት እንደሚያወጣ። ይህ ወረቀት ለገበሬውም ለእርስዎም ይጠቅማል፤ መድን ሰጪው ግምቱን የሚሠራው በእርሱ ላይ ተመሥርቶ ነውና። ስምዎን፣ ስልክዎንና የመድን ምስክር ወረቀቱን ቅጂ ለባለበሬው ይስጡ። ከሽማግሌ ፊት ባዶ እጅ መነሣት ከከበደዎት፣ ለመድን ሰጪው ደውለው ከጠየቁ በኋላ፣ የሚሰጡት ገንዘብ «ለጊዜው መረዳጃ» እንጂ «ካሳ» ተብሎ እንዳይጻፍ ያድርጉ። ሽማግሌዎቻችን ይህን ሲነግሯቸው ይረዳሉ፤ ቁጣ የሚመጣው ሾፌሩ ሊያመልጥ ነው ብለው ሲያስቡ ነው።

«ኤፍኤስአር አይሱዙ አለኝ፤ ከዚህ በቆሎና ጤፍ ጭኜ ወደ አዲስ አበባ አመላልሳለሁ። ከአምስት ዓመት በፊት ስገዛው በ1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ሙሉ ኢንሹራንስ ገባሁ፤ በየዓመቱም ሳላቋርጥ አሳደስኩ። በቅርቡ ካቢናው ተጎድቶ ጥገናው 600 ሺህ ብር ተገመተ። ድርጅቱ ግን 240 ሺህ ብር ነው የምንከፍለው፣ ከዚያም ላይ ተቀናሽ አለ አሉኝ። 1 ሚሊዮን 800 ሺህ የገባሁ ሰው 600 ሺህ እንዴት እከለከላለሁ? ተጭበርብሬ ነው?» (ከፍኖተ ሰላም)

አልተጭበረበሩም፤ ይሁን እንጂ ውሉን በየዓመቱ ያደሰልዎት ባለሙያ ይህን ሳይነግርዎት መቅረቱ ያሳዝናል። ይህ ጥያቄ ዛሬ ከሁሉም ይልቅ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ስለሆነ ሒሳቡን ቁጭ ብለን እንየው።

መድን ሰጪው አረቦን የሚያሰላው እርስዎ ውሉ ላይ በሚያስመዘግቡት የመኪና ዋጋ ነው። መኪናው በአደጋው ቀን በገበያ 4 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር የሚያወጣ ሆኖ እርስዎ ያስመዘገቡት 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ከሆነ፣ አረቦን የከፈሉት ለመኪናው ከመቶ አርባ እጅ ብቻ ነው ማለት ነው። ለቀሪው ስድሳ እጅ በሕግ ዓይን መድን ሰጪው እርስዎ ራስዎ ነዎት። ስለዚህ ጉዳት ሲደርስ፣ ከፊልም ቢሆን፣ ጉዳቱ በዚያው ስሌት ይካፈላል፤ የ600 ሺህ ብር አርባ እጅ 240 ሺህ ብር ነው። ብዙ ሰው «ጥገናው ከገባሁበት ገንዘብ በታች ስለሆነ ሙሉውን ይከፍሉኛል» ብሎ ያስባል፤ ተመጣጣኝ ክፍያ የሚለው አንቀጽ ባለበት ውል ውስጥ ግን እንዲህ አይደለም።

በአምስት ዓመት ውስጥ የመኪና ዋጋ ምን እንደሆነ ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም። በተለይ በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ሥርዓት ተለውጦ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ካለፈ በኋላ፣ መኪናም መለዋወጫም አብሮ ወጥቷል። ከዚያ በፊት የተመዘገበ ዋጋ ዛሬ የሚያሳየው የድሮውን መኪና ነው። እኔ የምመክረው ውሉ ሊታደስ አንድ ወር ሲቀረው ከሁለትና ከሦስት የመኪና ደላሎች ዘንድ የተመሳሳዩን ሞዴልና ዘመን ዋጋ አጣርቶ፣ በዚያ ዋጋ እንዲታደስ በጽሑፍ መጠየቅ ነው። የዓመቱ አጋማሽ ላይ ዋጋው ከፍ ካለም ልዩነቱን ከፍሎ ማስተካከል ይቻላል፤ እስከ ማደሻው ቀን መጠበቅ የለብዎትም። ከገበያው ዋጋ በላይ ማስመዝገብም አይጠቅምም። መድን ያጡትን ይመልሳል እንጂ ትርፍ አይሰጥምና ካሳው ከእውነተኛው ዋጋ አያልፍም፤ የከፈሉት ተጨማሪ አረቦን ግን ይቀራል።

ካደረሱኝ ሰነዶች ላይ ያየሁት አንድ ነገር አለ። ጋራዡ በሰጠው ፕሮፎርማ ላይ የተጻፈው «ካቢና ጥገናና መለዋወጫ» በጥቅል ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ለየብቻ ካልተጻፈ የመድን ሰጪው ገማች የትኛው በአደጋው የተጎዳ፣ የትኛው በአገልግሎት ያረጀ እንደሆነ መለየት ስለሚቸግረው ወደ ታች ይገምታል። ፕሮፎርማው የፊት መስታወት፣ በር፣ መብራት፣ የቀለም ሥራና የእጅ ዋጋ እየለየ እንዲጻፍልዎት ያድርጉ፤ ገማቹ መኪናውን ሳያየው አንድም ብሎን እንዳይፈታ። አሁንም ግምቱ ላይ ቅሬታ ካለዎት በዚህ መንገድ እንደገና እንዲታይ ማመልከት ይችላሉ። የገበያው ዋጋ በእርግጥ 4 ሚሊዮን 500 ሺህ መሆኑንም እንዲያስረዱ ይጠይቋቸው፤ ዋጋው ከዚያ ያነሰ ሆኖ ከተገኘ ድርሻዎ ያድጋል።

«ባጃጄን ከሦስት ዓመት በፊት ለአንድ ሰው በውክልና ሸጥኩ። ስሙን አላዞረም። ባለፈው ወር ባጃጁን ሲነዳ የነበረ መንጃ ፈቃድ የሌለው ልጅ አንዲት ሕፃን ገጭቶ እግሯ ተሰበረ። የተከሰስኩት እኔ ነኝ። ገንዘቡን ተቀብዬ ቁልፉን ካስረከብኩ በኋላ ምን አገባኝ?» (ከቡሬ)

በመጀመሪያ ለሕፃኗ ምሕረቱን ይላክላት። አሽከርካሪው ማንም ይሁን ማን፣ ተጎጂዋ አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት በሦስተኛ ወገን መድን አዋጁ ስለተሰጣት ቤተሰቧ በዚህ በኩል እንዳይጉላሉ እርስዎም ቢረዱ መልካም ነው።

ወደ ጥያቄዎ ስመጣ፣ የሚያገባዎት ሊብሬው ላይ ያለው ስም የእርስዎ በመሆኑ ነው። ቀደም ሲል የጠቀስኩት አንቀጽ 2081 ባለቤቱን ተጠያቂ የሚያደርገው አሽከርካሪው ለመንዳት ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ ነው፤ ባለቤቱ ከዚህ የሚድነው ተሽከርካሪው ተሰርቆበት እንደነበረ ካስረዳ ነው። ውክልና ደግሞ ሰውየው በእርስዎ ስም እንዲሠራ የሚፈቅድ ሰነድ እንጂ ባለቤትነትን የሚያዛውር ሰነድ አይደለም። ብዙ ሰው የስም ማዛወሪያ ወጪን ለመሸሽ በዚህ መንገድ ይሸጣል፤ ዓመታት ካለፉ በኋላ የማያውቀው መጥሪያ ቤቱ ይመጣል።

አሁን ማድረግ ያለብዎት የሽያጩን ውል፣ የባንክ ማስተላለፊያውንና ምስክሮችን ይዘው ገዢው በክሱ እንዲገባ መጠየቅ ነው፤ ይህን ለመሥራት ጠበቃ ይያዙ። በአደጋው ቀን ባጃጁ የጸና የሦስተኛ ወገን መድን ከነበረው መድን ሰጪው ለሕፃኗ ይከፍላል፤ ሆኖም አሽከርካሪው መንጃ ፈቃድ ስላልነበረው የከፈለውን መልሶ ሊጠይቅ እንደሚችል ይወቁ።

ገና ያልሸጣችሁ አንባብያን፣ ገዢው «ነገ አዞራለሁ» ቢላችሁ የመጨረሻውን ክፍያ ስሙ በዞረበት ቀን ለመቀበል ተስማሙ፤ መድን ሰጪያችሁንም መኪናው መሸጡን በደብዳቤ አሳውቁ። ሙሉ መድን ከመኪናው ጋር በራሱ አይተላለፍም።

«መንገድ ላይ በተነሣ ተኩስና ግርግር መኪናዬ ቢጎዳ ሙሉ ኢንሹራንሴ ይከፍለኛል?» (ከብቸና)

በተለመደው ውል አይከፍልም። ጦርነት፣ የእርስ በርስ ግጭት፣ አመፅና ሁከት ከሽፋን ውጭ ከተደረጉት መካከል ናቸው። ይሁን እንጂ ለፖለቲካዊ ሁከትና ለሽብር አደጋ በተጨማሪ አረቦን የሚሸጥ ሽፋን አለ። ሲጠይቁ «በየትኛው መንገድና በየትኛው ሰዓት ብንቀሳቀስ ነው የሚሸፈነው?» የሚለውንም አብረው ይጠይቁ፤ የጉዞ ገደብ ያለበት ውል ሊሆን ይችላልና። መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።

«ታናሽ ወንድሜን በምሽት መንገድ ሲሻገር መኪና ገጭቶት አመለጠ። ታርጋውን ያየ የለም። ወንድሜ አሁን ሆስፒታል ነው። ማንን እንከሳለን?» (ከዳንግላ)

የሚከሱት ሰው ባይታወቅም ካሳ የሚጠይቁበት ቦታ አለ፤ ይህን ብዙ ቤተሰብ ስለማያውቅ መብቱ ሳይጠየቅ ይቀራል። ገጭቶ ባመለጠ ወይም መድን ባልነበረው ተሽከርካሪ ለተጎዱ ሰዎች ካሳ የሚከፍል የመድን ፈንድ በሕግ ተቋቁሟል፤ የሚያስተዳድረውም የመንገድ ደኅንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ነው። ጥያቄውን ለማቅረብ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው የፖሊስ ማስረጃ ነው። «ማንም ስላልተያዘ ምን አስመዘግባለሁ?» ብለው አይተዉት፤ አደጋው የደረሰበት አካባቢ ፖሊስ ዘንድ ሄደው አድራጊው ያልታወቀ የትራፊክ አደጋ ተብሎ መዝገብ እንዲከፈት ያድርጉ። ወንድምዎን ከመንገድ ያነሡትን ሰዎች ስምና ስልክ ዛሬ ይያዙ፤ ከወር በኋላ ማግኘት ይከብዳል። የሆስፒታሉን የሕክምና ማስረጃ፣ የከፈሉበትን ደረሰኝ ሁሉ፣ የመድኃኒቱንም ጭምር፣ በአንድ ማኅደር ያኑሩ። ወንድምዎ ከተሻለው በኋላ የአካል ጉዳቱ ከመቶ ስንት እንደሆነ የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ሊጠየቅ ስለሚችል ከሆስፒታሉ ሳይወጣ ይጠይቁ። እግዚአብሔር ይማርልዎት።

«አባቴን ለሕክምና ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በራሴ መኪና ልወስደው ነው። ከተማ ውስጥ እነዳለሁ እንጂ ዓባይ በረሃን ወርጄ አላውቅም። መኪናዬ አውቶማቲክ ነው። በጣም ፈርቻለሁ፤ ምን ልጠንቀቅ?» (ከባሕር ዳር)

እኅቴ፣ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው፤ ለዚህ መንገድ የሚያሰጋው ያልፈራ ሾፌር ነው። ከደጀን ወርዶ ድልድዩን ተሻግሮ ጎሐ ጽዮን እስኪወጣ ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከደጀን እስከ ወንዙ ብቻ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳሉ።

ከተማ ውስጥ ፍሬን መኪናን ያቆማል፤ እዚህ ግን ሥራው ሌላ ነው። አንድ ተኩል ቶን የሚመዝን መኪና ያን ከፍታ ሲወርድ የሚለቀቀው ጉልበት ከ50 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ይህን ሁሉ ሙቀት በፍሬን ሸራዎቹ ላይ ከጫኑት ሸራው ይግላል፤ የመያዝ ኃይሉም እየቀነሰ ይሄዳል። ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ከደረሰ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ጀምሮ ነው፤ ዘይቱ ግን ከአየር እርጥበት እየሳበ ስለሚያረጅ ውሃ የገባበት ዘይት 140 ዲግሪ ላይ ሊፈላ ይችላል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃልና ፔዳሉ ያለ ምንም ተቃውሞ እስከ ወለል ይገባል። በዓባይ በረሃ «ፍሬን በጠሰ» ከሚባሉት አደጋዎች ውስጥ ምንም የተበጠሰ ነገር ሳይኖር በዚህ ምክንያት የሚደርሱ አሉ። ስለዚህ ከባሕር ዳር ሳይነሡ መካኒክ ሸራውንና ዘይቱን ይይልዎት፤ ዘይቱ ሁለት ዓመት ካለፈው ይቀየር።

መኪናውን የሚይዝልዎት ሞተሩ መሆን አለበት። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ገና መኪናው ዝግ ብሎ ሳለ፣ ማርሹን ከ«ዲ» ወደ «2» ወይም «ኤል» ያውርዱ፤ በአንዳንድ መኪና ላይ «ኤስ» ወይም «ቢ» ተብሎ ይጻፋል። ሞተሩ ጮክ ብሎ ሲያጓራ አይደንግጡ፤ ሥራውን እየሠራ ነው። መኪናው ከሚፈልጉት ፍጥነት ሲያልፍ ፍሬኑን ጠበቅ አድርገው ለአጭር ጊዜ ይርገጡና ፈጽመው ይልቀቁት፤ ያኔ ሸራው ለመቀዝቀዝ ጊዜ ያገኛል። እግርን ቀለል አድርጎ ፔዳሉ ላይ አሳርፎ እስከ ታች መውረድ ከሁሉ የከፋ ልማድ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ማርሹን ሞርቶ (ነፃ ማርሽ) ላይ አድርገው የሚወርዱ ሾፌሮች ያጋጥሙዎታል፤ እነርሱን አይከተሉ፤ ከኋላ ከተጠጉዎትም ሰፋ ባለ ቦታ ቆመው ያሳልፏቸው።

የተቃጠለ ሽታ ከሸተተዎት ሙቀቱ ገደቡን ሊያልፍ ነው ማለት ነው። ከመንገዱ ወጥተው፣ ከጎማ ሥር ድንጋይ አስገብተው፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቁሙ። በጋለው ጎማ ላይ ውሃ አያፍስሱ፤ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከጭነት መኪና ኋላ ሲሆኑ ሰፊ ርቀት ይተዉ፤ መታጠፊያ ላይ አይቅደሙ፤ ከመታጠፊያው በፊት ጥሩምባ ይንፉ። መሬቱ እየከዳ አስፋልቱ የተሰነጠቀበትና የተጣመመበት ቦታ ስላለ ዓይንዎ ከመንገዱ አይነቀል። በክረምት ጠዋት ጭጋግ አለ፤ በጭጋግ ውስጥ አጭሩን መብራት እንጂ ረጅሙን አያብሩ፤ የረጅሙን ብርሃን ጭጋጉ መልሶ ዓይንዎ ላይ ይረጨዋል። ከባሕር ዳር ማልደው ቢነሡ በረሃውን በቀን ብርሃን ያልፉታል።

ድንገት የፍሬኑ ፔዳል ከከዳዎት ሞተሩን አያጥፉ፤ መሪው ይከብድዎታል። ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ደጋግመው ይርገጡ፤ ማርሹን ወደ መጨረሻው ዝቅተኛ ያውርዱ፤ የእጅ ፍሬኑን በአንዴ ሳይሆን ቀስ እያሉ ይሳቡ። ሌላ አማራጭ ከጠፋ ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው ወገን ይጠጉና መኪናውን ከአፈሩ ጋር እያሻሹ ያቁሙት።

አባትዎ ከኋላም ቢቀመጡ ቀበቶ ይሰሩላቸው፤ ተኝተው እንዲሄዱ ከፈለጉ ግን በአምቡላንስ ቢወስዷቸው ይሻላል፤ ቀበቶ የሚይዘው የተቀመጠን ሰው ነው። በመልሱ ጉዞ ቁልቁለቱ ከጎሐ ጽዮን ይጀምራል፤ እዚያም ማርሹን ከመውረድዎ በፊት ያውርዱ፤ የፍሬን ሸራውን ግን አዲስ አበባ ሳሉ እንደገና ያሳዩት።